ሞያሌንና የቦረናን አካባቢ እንዴት እንጎብኝ

ሞያሌ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ኬላና ኮንትሮባንድ ነው፣ ወይ ደሞ ወደ ናይሮቢ ሲያልፍ አንድ ሌሊት ያደረባት ከተማ። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፣ ሞያሌ የምትጥመው ቀስ ብሎ ለሚደርስባት ሰው ነው። የቦረናን ሜዳ ሳታዩ ቀጥታ ድንበሩ ላይ ከወረዳችሁ ገበያ ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ መመለሻውን ሳይጨምር ቢያንስ አራት ቀን ያዙ።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ቦረና ላይ ዝናብ በዓመት ሁለቴ ነው፣ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው «ገና» የሚሉት ነው (የኛ ገና አይደለም)፣ አጭሩ ደሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር። ዝናብ ሲኖር ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ቦረናዎች እየዘፈኑ ለከብት ውሃ የሚቀዱባቸው ጉድጓዶች ዝም ይላሉ፣ እና እነሱን ማየት ከፈለጋችሁ ከታህሳስ እስከ የካቲት ሂዱ።

ከዛ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሀዋሳ፣ በዲላ፣ በሀገረ ማርያም (ቡሌ ሆራ)፣ በያቤሎ አርጎ ሜጋን አልፎ ይገባል። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲላ እደሩ፣ ቡናው ብቻ እንኳን ለማደር ይበቃል፣ ጊዜ ካላችሁ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ቱቱ ፈላ ላይ እዩ፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሁለተኛውን ሌሊት ያቤሎ። በማታ ፈጽሞ አትንዱ፣ ከያቤሎ በታች አስፋልቱ ላይ ግመልና ከብት ይተኛበታል። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ደሞ ከፊት ያለው መንገድ ሰላም መሆኑን ከዛ አቅጣጫ የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ያቤሎ ከዋናው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ያለች የቦረና ዞን ዋና ከተማ ነች። አስጎብኚ እዚሁ ያዙ፣ ኦሮምኛ የሚችልና አካባቢው የሚያውቀው ልጅ ካልያዛችሁ ጉድጓዶቹ ጋ መቅረብ ይከብዳችኋል። በነገራችን ላይ ጠዋት ግራር ላይ ሰውነቱ ግራጫ፣ ክንፉ ጥቁር፣ በአይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ወፍ ካያችሁ አትለፉት፣ ይሄ ቡሽ ክሮው የሚባለው በአለም ላይ ከዚህ ደቡብ ኢትዮጵያ ጥግ ውጪ የትም የለም፣ የውጪ ሰው እሱን ብሎ ስንት ሺ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይመጣል እኛ ግን ቁራ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ሶስተኛው ቀን ዋናው ነው። ከያቤሎ በጊዜ ውጡና ዱብሉቅ ስትደርሱ ወደ ኤልሶድ ታጠፉ፣ ጨው ቤትም ይሉታል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ትልቅ ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ 600 ሜትር አካባቢ፣ ከታች ጥቁር የጨው ሀይቅ ተኝቷል። መንደሩ ላይ የመግቢያና የአስጎብኚ ትከፍላላችሁ፣ ዋጋውን ከመውረዳችሁ በፊት ጨርሱ። መውረዱ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቢፈጅ ነው፣ መውጣቱ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል ፀሀዩም አናት ይበሳል፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ኮፍያና የሚይዝ ጫማ ሳትይዙ አትውረዱ። ታች ወንዶቹ አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ይጠልቁና ከስር ጭቃማውን ጨው በእንጨት እየቆፈሩ ያወጣሉ፣ አህያ ነው ተሸክሞ ሽቅብ የሚወጣው። ስራው ቆዳና አይን ይጎዳል። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሏቸው፣ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ተዉት።

ከሰዓት የዱብሉቅ ጉድጓዶች። ዘፋኝ ጉድጓድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ፣ ዜማው እጃቸውን እኩል የሚያስኬደው ነው፣ ላይ ደሞ ከብቱ ተራውን ይጠብቃል። ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፣ መጀመሪያ ለእሱ ሰላምታ ስጡ። ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀርቶ እዚህ አገር ብዙ ቤተሰብ ከብቱን በሙሉ አጥቷል፣ ስለዚህ «ስንት ከብት አለህ» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ነጋ?» ብላችሁ ስለ ሰላማቸው ጠይቁ። ቤት ካስገቧችሁና ቡና ቀላ፣ ማለትም በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ ከቀረበላችሁ፣ በክብር ተቀበሉ።

ማታ ሞያሌ ትገባላችሁ። በማግስቱ ወደ ኬንያ መሻገር ከፈለጋችሁ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፣ የመግቢያ ደንቡ ስለሚቀያየር ከአዲስ አበባ ሳትነሱ አጣሩ። በ2013 ዓ.ም ስራ የጀመረው የጋራ ድንበር ጣቢያ የሁለቱንም አገር ኢሚግሬሽን አንድ ቦታ ስላደረገው ነገሩ ቀሏል። የከተማው ሰው ለገበያ ወዲያ ወዲህ ሲል ታያላችሁ፣ እሱ የአካባቢው ኑሮ ነው፣ እናንተ ግን ማህተም ሳታስመቱ እንዳትከተሉት። ብር ባንክ ውስጥ መንዝሩ።

ወዲያ ማዶ መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፣ መንገድ ስትሻገሩ ቀድማችሁ ወደ ቀኝ እዩ። ቻፓቲና በወተት የፈላ ሻይ ብሉ ጠጡ፣ ብዙ ነጋዴ አማርኛ ስለሚሰማ ቋንቋ አያስቸግርም። የሚገርመው ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ነው፣ «ሳ ሞጃ» ካሏችሁ የኛው አንድ ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛ ከነገሯችሁ ግን ሰባት ይሆናልና አውቶቢስ እንዳያመልጣችሁ።

ስትመለሱ ኬላው ላይ ፍተሻ አለ። የማታውቁት ሰው «ይቺን እቃ አዲስ አበባ አድርሱልኝ» ቢላችሁ፣ የቱንም ያህል ቢለምን አትቀበሉ። የመልስ ትኬታችሁን ከዋዜማው ቁረጡ፣ አውቶቢሱ ንጋት ላይ ነው የሚነሳው።