የኮሌጅ ፉትቦል ዋና አሰልጣኝ ዕጩን እንዴት መመዘን ይቻላል?

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከሕዝብ ካዝና ትልቁን ደመወዝ የሚያገኘው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል (ከእግር ኳስ የተለየው የአሜሪካ ጨዋታ) ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። ቦታው ሲለቀቅ ለጋሹም፣ የቀድሞ ተማሪውም፣ ጋዜጠኛውም የየራሱን ሰው ይጠቁማል። በመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ካሉ፣ ወይም ምርጫውን በቅርብ የሚከታተሉ ደጋፊ ከሆኑ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ከሰው በፊት ሥራውን ይወቁ
ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ያገኛሉ፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ገቢያቸውን ያካፍሏቸዋል። ለተጫዋቾች ምን ያህል በጀት እንዳለዎት ሳያውቁ ዕጩ አይጥሩ።

2. ውጤቱን በትነው ያንብቡ
ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ብዙ ያሸነፈ ሁሉ ቡድን የሠራ አይደለም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅምና፣ ያሸነፈው በማን ምልምሎች እንደሆነ ይጠይቁ። ሲረከብ ቡድኑ የት ነበር? በስንት ቦታ ደገመው?

አሰልጣኝ ስኮት ፍሮስት በ2015 አንድም ጨዋታ ያላሸነፈውን የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተረክቦ በ2017 ሳይሸነፍ አጠናቀቀ። ተጫዋች ሆኖ ዋንጫ ያነሳበት የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ በደስታ ቀጠረው፤ 16 አሸንፎ 31 ተሸንፎ በ2022 ተሰናበተ። አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ግን ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ በፊት በሦስት አነስተኛ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ተራ በተራ አሸንፎ ነበር። በ2023 ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈውን ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ 11 ጨዋታ እንዲያሸንፍ አደረገው። እኔ ብሆን በአንድ ቦታ ከታየ ብልጭታ ይልቅ በየሄደበት የተደገመ ሥራን አስበልጣለሁ።

3. የጨዋታዎቹን ማብቂያ ይመልከቱ
በጠባብ ልዩነት ያለቁ ጨዋታዎችን ቪዲዮ ያውጡ። ሦስት ነጥብ እየተመራ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሰዓት የሚያስቆሙት የእረፍት ጥሪዎቹ በእጁ ናቸው ወይስ አባክኗቸዋል? በአራተኛው ሙከራ (ኳሱን 10 ያርድ ለማራመድ በሚሰጠው የመጨረሻ ዕድል) ላይ ውሳኔው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው ወይስ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳው ጠርዝ እያዩ ይደናገራሉ? የፍሮስት የኔብራስካ ሽንፈቶች አብዛኞቹ በጠባብ ልዩነት የመጡ ነበሩ።

4. የጻፈውን ሁሉ ያረጋግጡ
በ2001 ታኅሣሥ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የቀጠረው አሰልጣኝ ጆርጅ ኦሊሪ በአምስት ቀን ውስጥ ለቀቀ፤ በሥራ ታሪኩ ላይ የሌለው ሁለተኛ ዲግሪና ያልተጫወተባቸው ዓመታት ሰፍረው ተገኝተዋል። ለትምህርት ቤቶቹ መዝገብ ክፍል አንድ ስልክ ቢደወል ይበቃ ነበር። ዕጩው ካቀረባቸው ምስክሮች ውጭም ይጠይቁ፦ የዕቃ ክፍሉን ሠራተኛ፣ የተጫዋቾቹን አስጠኚ፣ ቡድኑን ለቆ የሄደውን ተጫዋች። አለቃ ፊት ሁሉም ጨዋ ነው።

5. ቃለ መጠይቁን በተግባር ይሙሉት
የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያስረዳዎት። አሁን ካሉት ተጫዋቾች ማንን እንዲቆይ ያግባባል? የማጥቃቱንና የመከላከሉን ክፍል የሚመሩት ረዳቶች እነማን ናቸው፣ እነርሱስ እሺ ብለዋል?

6. ከመፈረምዎ በፊት ስንብቱን ያስሉ
ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ለአሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸር በ2017 የ10 ዓመት፣ የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ፤ በ2021 አራዘመለት። በ2023 ኅዳር ሲያሰናብተው ዩኒቨርሲቲው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት፤ ፊሸር ሌላ ሥራ ቢያገኝም ክፍያው አይቀነስም ነበር። ስለዚህ የሚቀነስበት አንቀጽ እንዲገባ ይሟገቱ፤ እርሱ ጥሎዎት ቢሄድ የሚከፍለውንም በዚያው ውል ያስጽፉ።