ለመኪና ዲቴይሊንግ ሥራ ዋጋ እንዴት ይተመናል?

የመኪና ዲቴይሊንግ፣ ማለትም ከተራ እጥበት አልፎ ውስጥን በሻምፖ ማጽዳትን፣ ፖሊሽ ማድረግንና ቀለምን በሰም ወይም በሴራሚክ መሸፈንን የሚጨምረውን ሥራ የሚጀምሩ ብዙዎች፣ የመጀመሪያውን የዋጋ ዝርዝር የሚያወጡት በአቅራቢያቸው ያለ ሌላ ባለሙያ የሚያስከፍለውን ጠይቀው ከዚያ ላይ ጥቂት በመቀነስ ነው። የሌላው ሰው ዋጋ ግን የሚነግርዎ ስለ እርሱ ኪራይ፣ ስለ ሠራተኞቹና ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ እርስዎ ወጪ አይደለም፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ ሳያውቀው እየከሰረ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙያ በዋናነት የሚሸጠው የሰው ሰዓት ስለሆነ፣ የዋጋ ትመናም ከሰዓት መነሳት አለበት።

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ሥራ ምን ያህል እንደሚያስወጣዎ ይወቁ። ደንበኛ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈሉትን ወርኃዊ ወጪዎች፣ ማለትም ኪራይን፣ የመድን ክፍያን፣ ስልክንና የብድር ክፍያን ይደምሩ፤ የቫኪዩሙ፣ የውኃ መርጫውና የፖሊሽ ማሽኑ የእርጅና ተቀናሽም፣ ማለትም ዕቃዎቹ እያረጁ በየወሩ የሚያጡት ዋጋ፣ እዚህ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ የራስዎን ደመወዝ ይጨምሩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በወሩ መጨረሻ የተረፈውንም ትርፍ ይለዋል፣ የተረፈው ግን ብዙ ጊዜ ያልተከፈለ የራሱ ድካም ነው።

ድምሩን የሚያካፍሉት በሠሩባቸው ሰዓቶች ሁሉ ሳይሆን ደንበኛ በሚከፍልባቸው ሰዓቶች ብቻ ነው። በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው 200 ሰዓት ያለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ስልክ ሲያነጋግር፣ ጨርቅ ሲያጥብ፣ ዕቃ ሲገዛና ዘግይቶ የሚመጣ ደንበኛን ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ በቀን 5 ሰዓት ያህል፣ በወር 125 ሰዓት ብቻ ሊቀረው ይችላል። በ200 ፈንታ በ125 ማካፈል የአንዱን ሰዓት ወጪ በ60 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ሥራ ሞልቶ ገንዘብ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይህ ልዩነት ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚወስደውን ጊዜ በግምት ሳይሆን በሰዓት ይለኩ። የውጭ እጥበት ከማድረቅ ጋር አንድ ሰዓት አካባቢ ሊወስድ ይችላል፤ ወንበርና ምንጣፍ የሚታጠብበት የውስጥ ጽዳት ግማሽ ቀን፣ ጭረትን በሁለት ደረጃ የሚያስወግድ ፖሊሽ ደግሞ ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ለፖሊሽ ዋጋ ሲወጣ የማሽኑ ሥራ ብቻ አይቆጠርም። በብዙ መኪኖች ላይ ቀለሙን የሚሸፍነው ክሊር የሚባለው ግልጽ ንብርብር ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ብቻ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚያው ላይ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ውፍረቱን በመለኪያ መመርመር፣ የጎማና የፕላስቲክ ጠርዞችን በቴፕ መሸፈን፣ በትንሽ ቦታ ላይ መሞከር ሁሉም የሚከፈልባቸው ሰዓቶች ናቸው። ክሊሩ ቀደም ሲል የሳሳ ከሆነ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ጥልቅ ፖሊሹን አለመቀበል ይሻላል፤ ክሊሩ ካለቀ መኪናውን እንደገና ቀለም ማስቀባት የግድ ይሆናልና።

የጽዳት ፈሳሽ ወጪ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አንድ እጅ ፈሳሽ ከ10 እጅ ውኃ ጋር ሲበጠበጥ፣ ግማሽ ሊትር በምትይዝ መርጫ ውስጥ ያለው ዋናው ፈሳሽ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ቀለሙ ላይ ተቀብቶ ደርቆ የሚከላከለው ፈሳሽ፣ ሴራሚክ፣ ግን የተለየ ነው፤ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ አየር ሲያገኘው ስለሚደርቅ፣ ሙሉ ዋጋው በአንዱ መኪና ሂሳብ ላይ ይታሰብ።

የአንዱ ሰዓት ወጪ ሥራው በሚወስደው ሰዓት ተባዝቶ የፈሳሹ ወጪ ሲደመርበት የሥራው ሙሉ ወጪ ይገኛል። በዚህ ላይ ትርፍ ሲጨመር የሚፈጸም አንድ የሂሳብ ስሕተት አለ። ወጪው 100 ሆኖ ከመሸጫው ዋጋ 20 በመቶ ትርፍ ከተፈለገ፣ 20 ጨምሮ 120 ማለት የሚሰጠው 16.7 በመቶ ብቻ ነው። ትክክለኛው 100ን በ0.8 ማካፈል ሲሆን ውጤቱም 125 ይሆናል። የሽያጭ ታክስ ካለ ከዚህ በኋላ ለብቻው ይታከላል።

ለሁሉም መኪና አንድ ዋጋ ማውጣት አያዋጣም። መኪኖችን በመጠን ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ ለትልልቆቹ የሚጨመረውን ከተለካው የሰዓት ልዩነት ማውጣት ይበቃል። ከመጠን ይልቅ የሚያስቸግረው የመኪናው ሁኔታ ነው፤ ምንጣፍ ውስጥ የተሰካ የውሻ ፀጉር፣ ወንበር ላይ የፈሰሰ ወተት ወይም የደረቀ የዛፍ ሙጫ የሁለት ሰዓቱን ሥራ አራት ሊያደርገው ይችላል። በስልክ የሚነገረው ዋጋ «ከዚህ ጀምሮ» የሚል ብቻ ይሁን፤ የመጨረሻው ዋጋ መኪናው ከታየና ፎቶ ከተነሣ በኋላ በጽሑፍ ይሰጥ። በሥራው መሐል ያልታየ ነገር ከተገኘ፣ ሥራውን አቁሞ ለደንበኛው ደውሎ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ሠርቶ ከጨረሱ በኋላ ተጨማሪ መጠየቅ ጠብ ያመጣል።

ስለ ቅናሽ ጠንቃቃ መሆን ይበጃል። ከዋጋው 25 በመቶ የሚያተርፍ ሰው 10 በመቶ ቢቀንስ፣ የቀድሞውን ትርፍ ለማግኘት 67 በመቶ ያህል ተጨማሪ መኪና መሥራት ይኖርበታል፤ ያን ያህል ትርፍ ሰዓት ደግሞ የለውም። በየወሩ የሚመለስ ደንበኛ ግን ያነሰ ቢከፍል ተገቢ ነው፤ መኪናው ብዙ ሳይቆሽሽ ስለሚመጣ በእርግጥም ያነሰ ሰዓት ይወስዳል።

ከአንድ ቀን በላይ ለሚወስድ ሥራ ቀብድ መቀበል ልማድ ይሁን። ቀጠሮው ለተከታታይ ወራት ሦስት ሳምንት ቀድሞ የሚሞላ ከሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው ማለት ነው፤ ጭማሪው የሚጀምርበትን ቀን ለነባር ደንበኞች አስቀድመው ያሳውቁ፣ ቀጠሮ የያዙትንም በቀድሞው ዋጋ ያስተናግዱ።