ስክሪኑ ላይ የእማዬ ጆሮ ብቻ ሲታይ፦ የቤተሰብ ቪዲዮ ኮል ችግርና መፍትሄ

እኛ ቤት እሁድ እሁድ በቪዲዮ እንገናኛለን። እማዬ ደሴ ናት። ወንድሜ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ዱባይ፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ። ስልኩ አራት ነው፤ ልጆችና ጎረቤት ሲጨመሩ ግን ሰዉ ይበዛል፣ ችግሩም አብሮ ይበዛል። ጥሪው የሚደረገው ለእማዬ ስለሆነ፣ እኔ ሁሉንም ነገር የማስተካክለው ከሷ ስልክ ተነስቼ ነው። የገጠመንንና የሠራልንን ልንገራችሁ።

ሲደወል አታነሳም፣ ካነሳችም ጆሮዋ ብቻ ይታያል

አለማንሳቷ ብዙ ጊዜ የስልኩ ድምፅ ተቀንሶ ወይም ሳይለንት ሆኖ ነው። የግሩፕ ጥሪ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር ስለሚደረድር ያደናግራታል። መጀመሪያ ለብቻዋ ደውሉላት። አንስታ ሰላም ከተባባላችሁ በኋላ ሌሎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ዋትሳፕ ላይ ጥሪው ሳይቋረጥ ሰው መጨመር ይቻላል።

ጆሮዋ የሚታየው ድምፁ ስለማይሰማት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ማለት ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር ነው፤ ካልሰማች ታስጠጋዋለች። ስለዚህ "እማዬ ከጆሮሽ አውርጂው" እያላችሁ አትጩኹ። አጠገቧ ያለ ሰው ድምፁን እስከ ጥግ ይጨምርላት፣ ስፒከሩ መብራቱንም ይይላት። ከዚያ ስልኩ ከእጇ ይውጣ። እማዬ ቤት ይህን ሥራ የያዘው የስኳር ጣሳው ነው። ረከቦቱ ፊት ለፊቷ፣ ጣሳው ከረከቦቱ ኋላ፣ ስልኩ ጣሳው ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ እሷ ቡናዋን እየቀዳች ታወራናለች። እጇ ነፃ ሲሆን ጨዋታዋም ይመጣል።

ፊቷ ከጠቆረ ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ነው። ዞራ ትቀመጥ፣ አለቀ።

ምርቃቱ ይቆራረጣል

ይሄኛው በጣም ያናድደኝ ነበር። እማዬ ሳትመርቅ ስልክ አትዘጋም። "ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ" ትላለች፣ ሁላችንም በአንድ ላይ "አሜን!" እንላለን፣ የሚቀጥለው ቃሏ ጭራሽ አይሰማም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ለረጅም ጊዜ ኔትወርክ ነው ስል ኖርኩ።

ኔትወርክ አልነበረም። ስልክ በስፒከር ሲሆን፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ በማይኩ ተመልሶ ገብቶ እንዳያስተጋባ ራሱ ይከላከላል። የኛ "አሜን" እሷ ቤት ጎላ ብሎ ሲወጣ ስልኳ የሷን ድምፅ አብሮ ያፍነዋል። ምርቃቱን የሚቆርጠው እንግዲህ የኛው አሜን ነው ማለት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ምርቃት ሊጀመር ሲል ከእሷ በስተቀር ሁሉም ሰው ማይኩን ይዝጋ። አሜኑን በአፋችሁ በሉ፣ እጃችሁንም ዘርጉ፤ እሷ ስክሪኑ ላይ ታያችኋለች። ስትጨርስ ማይክ ከፍታችሁ አንዴ በደንብ "አሜን" በሉላት። ኢርፎን ብታደርግም ችግሩ ይጠፋል፣ ግን አጠገቧ ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች ምንም አይሰሙም፤ ለሷ ደግሞ እነሱም ቤተሰብ ናቸው።

ድምፅ ያስተጋባል፣ ወይም "ሲይይይ" ይላል

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስልክ ገብቷል ማለት ነው። አንዱ ይውጣ። ሁለቱም በአንድ ስልክ ይታዩ።

ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል

እዚህ ላይ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ለዩ። ሁሉም ሰው ላይ ቀጥ የሚለው የአንድ ሰው ምስል ብቻ ከሆነ ችግሩ እሱ ጋ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ የሚታየው ከሆነም እሱ ጋ ነው።

እማዬ ጋ ከሆነ የምናደርገው ይሄ ነው። የማይናገር ሰው ካሜራውን ይዘጋል፤ የሁላችንም ምስል በሷ ዳታ ስለሚወርድ ሰው በተቀነሰ ቁጥር ይቀልላታል። ዋትሳፕ ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ የሚለው ጋ ገብታችሁ ለጥሪ ትንሽ ዳታ ተጠቀም የሚለውን አብሩላት፤ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ መቆራረጡ ግን ይቀንሳል። ጥቅሏ አልቆም ሊሆን ይችላል፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*999# ይገዛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልኩ ቻርጅ ቢኖረውም ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፤ ለዚህ ሲባል ትንሽም ብትሆን የሞባይል ዳታ ሁሌ ይኑራት። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ቪዲዮውን ትታችሁ በድምፅ ቀጥሉ።

በዓል ከሆነ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ስለሚደውል ይጨናነቃል። እኛ ለእንቁጣጣሽ በጠዋት እንጨርሳለን።

ዱባይ ያለችው ትጽፋለች፣ ጥሪ ውስጥ ግን አትገባም

የእህቴ ስልክ ተበላሽቷል ብለን ስንት ጊዜ አጥፍታ አብርታለች። ስልኩ ጤነኛ ነበር። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትሳፕ መጻፍ ይቻላል፣ በዋትሳፕም ሆነ በፌስታይም መደወል ግን ታግዷል፤ የሚፈቀደው ፈቃድ ባላቸው አፖች ብቻ ነው። እዚያ ያሉ ልጆች የለመዱት ቦቲምን ነው። ዙምም ይሠራል። ስለዚህ እሷ ወደ እኛ እንድትመጣ ከምንጠብቅ እኛው ወደ እሷ ሄድን፤ እማዬ ስልክ ላይም ቦቲም ተጫነ።

"ቪፒኤን ጫኚና ግቢ" የሚሏት አሉ። እባካችሁ አትምከሯት። የታገደ ነገር ለማለፍ ቪፒኤን መጠቀም በዚያ አገር ሕግ ከባድ ቅጣት አለው፤ ሰው አገር ሠርታ የምታድር ልጅን ለአንድ ስልክ ጥሪ አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ዙምን ከመረጣችሁ በነፃው 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። ሰላምታው ብቻ ሃያ ደቂቃ ስለሚወስድ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። ሲዘጋ እንደገና ከፍቶ መግባት ይቻላል፣ ግን ለእማዬ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ካልሆነ ተጣልተን የዘጋነው ይመስላታል።

ሰዓቱ ይሳሳታል

"በ3 ሰዓት እንገናኝ" ሲባል እማዬ ጋ የጠዋት 3 ነው፣ ወንድሜ ጋ ከቀትር በኋላ 3። ይሄ የታወቀ ነው። የማይታወቀው የጥቅምት መጨረሻው ነው። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 8 ይሆናል፣ መጋቢት ግድም ደግሞ ወደ 7 ይመለሳል። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች።

አንድ ዓመት ይሄን ረሳነው። ወንድሜ እንደለመደው በራሱ ከረፋዱ 11 ደወለ፤ እኛ ጋ ከምሽቱ 12 መሆኑ ቀርቶ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ስልኩን ጣሳው ላይ አስደግፋ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቃለች። በረካው ተጠጥቶ አልቆ፣ ፍሙ አመድ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፦ "በእማዬ ሰዓት፣ ከምሽቱ 12"። ቀሪው ሰው የራሱን ያስላ።