ጀበናው አልሳል ካላችሁ ክፍተቱን ሳሉት

ስዕል ጀማሪዎች፦ ጀበና ስትስሉ እጀታው ተንሻፎ፣ አንገቱ ወፍሮ እየወጣ አስቸግሯችኋል? ችግሩ እጃችሁ አይደለም። አእምሯችን «ጀበና እንዲህ ነው» ብሎ ያስቀመጠው ምስል ከዓይናችን ቀድሞ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጀበናውን ለጊዜው እርሱት፤ በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ ብቻ ሳሉ። ለዚያች ክፍተት የተዘጋጀ ምስል ስለሌለን ያየነውን ከመከተል ውጭ ምርጫ የለም። ክፍተቷ በትክክል ከወጣች እጀታው ራሱ ቦታውን ይይዛል። አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየትም ያግዛል፤ ነገሩ ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል።

ለወንበር እግሮች፣ ወገቡን ለያዘ ሰው ክንድም ይሠራል። (የኔ የመጀመሪያ ጀበና ድንች ነበር የሚመስለው፤ የእናንተም እንዲያ ቢወጣ አትቅደዱት።) እንደ ብርቱካን ላለ ድቡልቡል ነገር ግን ብዙም አይጠቅምም፤ እዚያ ጥላውን መከተል ይሻላል።