ከስደት ተመላሾችን ለማቋቋም ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል? በደሴና በኮምቦልቻ ለሚነሱ ማኅበራት

ከሳዑዲ፣ ከቤሩት ወይም ከየመን ተመልሰው ደሴና ኮምቦልቻ የሚገቡ ወገኖችን ለማቋቋም የተሰባሰበ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፕሮፖዛል በመጻፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን የትኛው ወጪ ከየትኛው ኪስ እንደሚሸፈን መለየት አለበት። የውጭ ለጋሽ ሥልጠናና ዕቃ ይሸፍናል፤ ለስደቱ ጉዞ የተበደሩትን ዕዳ ግን አይከፍልም። ዘካ ዕዳ ይከፍላል፤ የቢሮ ኪራይ ግን አይከፈልበትም። ቅሬ፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ ብዙ ገንዘብ የለውም፤ ቤት ለቤት እየገባ የሰው ችግር በማወቅ ግን የሚስተካከለው የለም። ይህን ሳይለይ ሁሉንም ከአንድ ለጋሽ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሥልጠናውን ሰጥቶ፣ የምስክር ወረቀቱን አድሎ ይዘጋል፤ ሰዎቹም ከነዕዳቸው ይቀራሉ።

ጉዳዩ ለደቡብ ወሎ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬና ከወረባቦ የሚነሱ ወጣቶች በባቲና በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክም ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሲሄዱ ዘመናት ተቆጥረዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በጀመረችው ማባረር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌላ ዘመቻ ተከፈተ፤ በ2022 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት 100,000 ያህል ሰዎችን ለመመለስ ተስማሙ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቀበሌ ድረስ ያለው ድጋፍ የቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት የሚሸከመው ቤተሰብና ጎረቤት ነው።

ማንን እንደምትረዱ ወስኑ

ለጋሾች በሥልጣን ክልላቸው ተወስነው ይሠራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በዋናነት ጦርነትንና መሳደድን ሸሽተው ጥገኝነት የጠየቁትን ይመለከታል። ሥራ ፍለጋ ሄደው የተመለሱትን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ነው። በግጭት ተፈናቅለው ወደ ቀያቸው የሚመለሱ ወገኖች በሌላ መዝገብ ይያዛሉ። ሦስቱንም በአንድ ፕሮፖዛል ውስጥ የደባለቀ ማኅበር ከሦስቱም በር ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ከየትኛው አገር የተመለሱ፣ በየትኛው ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሚኖሩ፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ ስንት ሰው። ለመጀመሪያው ዓመት አሥር ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። አሥር ሰው አቋቁሞ ያሳየ ማኅበር ለመቶ ሰው ሲጠይቅ ይሰማል።

የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ወጪ

ሥራው የሚሳካውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። አንዲት የሐርቡ ሴት ከጅዳ ተመልሳ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ለሠራተኞች ምግብ ማቅረብ ትፈልጋለች እንበል። የፕሮግራሙ በጀት ብዙውን ጊዜ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና፣ ምጣድና ድስት ብሎ ያቆማል። የእርሷን ዓመት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተከተሉት።

መታወቂያ የላትም፤ ኮምቦልቻ ላይ ለማውጣት ከሐርቡ ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋታል። ያለ መታወቂያና ያለ ፋይዳ ደግሞ ባንክ ሒሳብ አይከፍትላትም። ሕክምና ትፈልግ ይሆናል። በአሠሪ ቤት ወይም በእስር ያየችውን የምታወራለት ሰው ያስፈልጋታል። የንግድ ቤት ስትከራይ አከራዩ የጥቂት ወራት ቅድሚያ ይጠይቃታል። ንግዱ እስኪያበላት ድረስ እርሷም፣ ልጅ ካላትም ልጇ፣ መብላት አለባቸው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሁለተኛው ወር ጤፍና ዘይት ነው፦ ምጣዱ አለ፣ ደንበኛው አለ፣ መግዣው አልቋል። ለዕቃ መግዣ የተመደበውን ያህል ለሥራ ማስኬጃ ካልመደባችሁ ምጣዱ ይሸጣል።

ዕዳ ደግሞ አለ። ጉዞው የተከፈለው በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተይዞ፣ ከዘመድ ተበድሮ ነው፤ የመን ላይ በአጋቾች እጅ የወደቀ ሰው ካለ የማስለቀቂያውም ገንዘብ ይጨመርበታል። አበዳሪው ጎረቤት ነው፣ በየቀኑ ያዩታል። ዕዳው ሳይነካ መነሻ ዕቃ የተሰጠው ሰው ዕቃውን ሸጦ ዕዳውን ቢከፍል ልንፈርድበት አንችልም። ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ደግሞ እንደገና ወደ ደላላው ይሄዳል። ስለዚህ የዕዳውን መጠንና የአበዳሪውን ማንነት ከመጀመሪያው ጠይቁ። ሙሉውን መክፈል ባትችሉም ሽማግሌዎች መካከል ገብተው በጊዜ እንዲከፈል ማስማማት ይቻላል።

ሕጋዊ መሠረት

በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ይመዘገባል፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ግን በፌዴራል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን የውጭ ገንዘብ ገደብ አንስቷል፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ በአስተዳደር ወጪ ውስጥ ይቆጠራሉ። ተመላሾችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚከታተል ባለሙያ ደመወዝ ግን የፕሮግራም ወጪ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ደመወዝ አስተዳደር ውስጥ ያስገቡና 20 በመቶው ሲሞላባቸው ክትትሉን ይሰርዙታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የአካባቢውን ኪሶች አንኳኩ

ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለ ዕዳዎችና በመንገድ የቀሩ መንገደኞች ይገኛሉ። ከስደት የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ባለ ዕዳ ነው፤ ገና ቀዬው ያልደረሰ ከሆነ ደግሞ መንገደኛም ነው። ዘካ ባለመብቱ እጅ መግባት ስላለበት ለደመወዝም ለነዳጅም አይውልም፤ በሌላ የባንክ ሒሳብ ያዙት፤ አከፋፈሉንም ዑለማዎች ይወስኑት። ነጋዴው ዘካውን የሚያሰላው አብዛኛውን ጊዜ በረመዳን ነው፤ የባለ ዕዳዎቹን ዝርዝር አስቀድማችሁ፣ ስማቸውን ሳትገልጡ፣ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። በክርስቲያኑ በኩል የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች በዚያው ልክ ሊጠየቁ ይገባል።

ቅሬን ገንዘብ አትጠይቁት፤ ያለው ለቀብርና ለሐዘን የተቀመጠ ነው። ሰው ጠይቁት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚቀበርበት በወሎ ቅሬ ውስጥ ሁለት የታመኑ አባላት ተመላሾቹን በየሳምንቱ የሚጎበኙ ከሆነ የትኛውም ለጋሽ ሊገዛው የማይችል ክትትል አገኛችሁ። ለብድር ዋስ ሲያስፈልግም ቅሬው ምስክርነት ይሰጣል። ብድር ግን ከስድስተኛው ወር በኋላ ይሁን፤ ቆሞ ለሚሄድ ንግድ ማስፋፊያ እንጂ ዕዳ ላለበት ሰው ተጨማሪ ዕዳ አይሁን። ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው ፀደይ ባንክ ለዚህ ዓይነቱ አነስተኛ ብድር የሚታወቅ በር ነው።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጥሬ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ፤ የሥራ ቦታ፣ ያገለገለ የስፌት መኪና፣ የማሠልጠኛ ክፍል ሊሰጡ ይችላሉ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ስለሚፈቅድ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ መስጠት መቻላችሁን በደብዳቤው ላይ ግለጹ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውን ዝርዝር የሒሳብ ባለሙያቸው ያጣራዋል። ለሥልጠናው ደሴ ላይ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ለሥነ ልቦና ድጋፍና ለጥናት ወሎ ዩኒቨርሲቲን አነጋግሩ።

በውጭ ያሉ የወሎ ልጆች በየወሩ የሚልኩት ትንሽ መዋጮ ለክትትል ባለሙያው ደመወዝ ቢውል ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይሻላል። ሳዑዲ ያሉትን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ አድርጉ፦ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ እዚያ ወንጀል ነው። ወገን እንርዳ ብሎ የተነሳ ሰው በዚህ ምክንያት መታሰር የለበትም። አንድ ሰው ከሌሎች ሰብስቦ አይላክ፤ እያንዳንዱ በስሙ፣ በባንክ፣ ለቤተሰቡ እንደሚልከው ይላክ።

የውጭ ለጋሽ

አነስተኛ ማኅበር ከአውሮፓ ኅብረት ወይም ከዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በቀጥታ ገንዘብ ለማግኘት ይከብደዋል። የተሻለው መንገድ በአካባቢው የሚሠራ ትልቅ ድርጅት አጋር መሆን ነው። ለጋሾች ለተመላሾች የሚሰጡት ድጋፍ በአብዛኛው በዓይነት ነው፤ ይህን አውቃችሁ ለእነርሱ ዕቃውን፣ ሥልጠናውንና ክትትሉን ብቻ አቅርቡ፤ ዕዳውንና መሸኛውን ከአካባቢው መዋጮ እንደምትሸፍኑ በቁጥር አሳዩ። ገምጋሚው የራሳችሁን ድርሻ ሲያይ ያምናችኋል።

ሁለት ነገር በበጀቱ ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የብዙ ለጋሾች ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ገንዘቡ የሚዘገይባቸውን ወራት የሚሸፍን መጠባበቂያ ከሌለ ተመላሹ መሐል ላይ ይቀራል። ሌላው የዋጋ ጉዳይ ነው፦ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከአንድ ዓመት በፊት የተወሰደ ፕሮፎርማ አይሠራም። ዋጋውን ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት እንደገና ጠይቁ። በአንድ ለጋሽ ላይ መንጠልጠልም ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲዘጋ በየዘርፉ ታይቷል።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ

ሁለት ፈራሚ፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የተፈረመ የርክክብ ሰነድ። ይህ የታወቀ ነው። ያነሰ ትኩረት የሚያገኘው የሰዎቹ ምስጢር ነው። የሴቶቹን ፊትና የደረሰባቸውን በደል ለለጋሽ ማሳያ አታድርጉ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው፤ አንዲት ሴት በተመለሰችበት ሰፈር ዳግም ለማግባት፣ ለመነገድ፣ ልጅ ለማሳደግ ክብሯ ያስፈልጋታል። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በደላላ ላይ በተመሠረተ ክስ ምስክር ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ የደኅንነት ነው። ለሪፖርት ቁጥርና የንግዱ ዕቃ ፎቶ ይበቃል።

ክትትሉን በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር መዝግቡ፦ ንግዱ አለ ወይ፣ ዕዳው ስንት ቀረ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገባ ወይ፣ ሰውየው እዚሁ ነው ወይ። እንደገና የተሰደደ ካለ እርሱንም ጻፉት፤ ምክንያቱን ከቤተሰቡ ጠይቁ። ያው ሪፖርት ለለጋሹ፣ ለቅሬውም፣ ዘካ ለሰጠው ነጋዴም ይነበብ፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚሠራው በእርሱ ላይ ነው።