የዲኤንኤ ክሮች ለምን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ? በካርቶን ሠርቶ ማየት

እያንዳንዱ የዲኤንኤ ክር አቅጣጫ አለው። አንዱ ጫፍ 5′፣ ሌላው 3′ ይባላል፤ ቁጥሮቹ በክሩ ውስጥ ያለው የስኳር ሞለኪውል ካርቦኖች መለያ ናቸው። የአንዱ ክር 5′ ጫፍ ከሌላው 3′ ጫፍ ጎን ይውላል። ምክንያቱ በዋናነት ያለው ቤዞቹ ላይ ነው፤ ቤዞች ከስኳሩ ጋር ተያይዘው ሁለቱን ክሮች የሚያገናኙት ሞለኪውሎች ናቸው፤ ጂ ከሲ፣ ኤ ከቲ ይጣመራል።

1. 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ካሬ ካርቶኖች ቁረጡና ጂ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብላችሁ ጻፉባቸው።

2. በቀኝ ጠርዝ፣ ከላይ 1.5፣ 3 እና 4.5 ሴንቲ ሜትር ላይ በመርፌ ብሱ። ሃይድሮጅን የሚሰጠውን +፣ የሚቀበለውን − ብላችሁ በፊትም በጀርባም ምልክት አድርጉ፤ + ከ− ሲገጥም አንድ የሃይድሮጅን ትስስር ይሆናል። ከላይ ወደ ታች፦ ጂ − + +፣ ሲ + − −፣ ኤ + − ባዶ፣ ቲ − + −። ርቀቱ ከተዛባ ቀጣዩ ሁሉ ይበላሻል።

3. የግራውን ታችኛ ማዕዘን በሁለቱም ገጽ ቀይ ቀቡ፤ ስኳሩ የሚያያዘው እዚያ ነው። ፊቱ ላይ ነጥብ (ክሩ ወደ እናንተ ይመጣል)፣ ጀርባው ላይ ኤክስ (ይርቃል) አድርጉ።

4. የጂ ካርቶኑን ፊቱ ወደ ላይ እንዲታይ አስቀምጡ። ሲን ሳትገለብጡ ግማሽ ዙር አዙራችሁ በቀኙ አስጠጉት። ነጥብ ከነጥብ ስለሆነ ክሮቹ አንድ አቅጣጫ ይዘዋል። ላይ − ከ−፣ ታች + ከ+ ይጋጫል፤ የሚገጥመው መሃሉ ብቻ ነው።

5. ሲን ወደ ነበረበት መልሳችሁ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጡት። ሦስቱም ይገጥማሉ፤ ኤክስም ይታያል። ከላይ ወደ ታች ከገለበጣችሁት ግን ጠርዙ ቀኝ ላይ ስለሚቀር አይሆንም።

6. ኤ እና ቲ ያታልላሉ፤ በግማሽ ዙርም ሁለቱ ትስስሮች ይገጥማሉ። እንዲያውም በኤ እና ቲ ብቻ የተሠሩ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጥንድ ክሮች በቤተ ሙከራ ተገኝተዋል። ችግሩ ጂ እና ሲ ሲቀላቀሉ ነው። በግማሽ ዙር የዞረውን ሲ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ብታደርጉት ሁለት ትስስር ታገኛላችሁ፤ ቀዩ ማዕዘን ግን ከኤ–ቲ ጥንዱ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። በየጥንዱ የሚዛነፍ ስኳር ያለው ክር ወጥ ጥምዝ ሊሠራ አይችልም። በተቃራኒው አቀማመጥ ግን የሁለቱም ጥንዶች ቀይ ማዕዘኖች እኩል ቦታ ይውላሉ።

7. በመጨረሻ በተራ ቁጥር 5 የገጠመውን ጥንድ በሙሉ እንደ ገጽ ገልብጡት። ጂ እና ሲ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቀዮቹ፣ ነጥቡና ኤክሱ ግን የነበሩበት ናቸው። ሳይንቲስቱ ፍራንሲስ ክሪክ ክሮቹ ተቃራኒ መሆናቸውን የተረዳው፣ ይህንኑ ሲሜትሪ (ሲገለበጥ መልኩ አለመለወጡን) በተመራማሪዋ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የዲኤንኤ ኤክስሬይ መረጃ ውስጥ አይቶ ነው፤ የዲኤንኤ ሞዴሉ በ1953 ታተመ።