ወጥ ቤትን በእንግሊዝ የባላባት ቤቶች ወግ እንዴት ማሰናዳት ይቻላል

የእንግሊዝ ገጠር የባላባት ቤቶች በእልፍኛቸው ቢታወቁም፣ ለዛሬ መኖሪያ ይበልጥ የሚበጀው አገልጋዮቹ ይውሉባቸው የነበሩት ክፍሎች አሠራር ነው። በኮርንዎል የሚገኘው ላንሃይድሮክ የተባለው የባላባት ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 ተቃጥሎ እንደገና ሲሠራ፣ ሙቀትና ሽታ ወደ ላይ እንዲወጣ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ከፍ ተደርጓል፤ የወተት ክፍሉም ከኮረብታው በቧንቧ በሚወርድ ውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ መልኩን ከመቅዳትዎ በፊት ምክንያቱን ይረዱ።

በቅድሚያ ከክፍሉ መካከል ጠንካራ የእንጨት ጠረጴዛ ያኑሩ፤ በዙሪያውም ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዉ። እግሮቹን ቀለም ይቀቡ፤ ገበታውን ግን ቫርኒሽ ካለበት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው እንዲሁ ይተዉት። ከሥራ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው በጠንካራ ብሩሽ ይፈትጉት፤ ውሃ ግን አያቁሩበት። በጊዜ ብዛት የእንጨቱ ለስላሳ ክፍል እየተበላ ጠንካራው መስመር በመዳፍ እስኪዳሰስ ድረስ ጎልቶ ይወጣል፤ ገበታውም ይነጣል። አዲሱን ጠረጴዛ ሆን ብሎ ቧጭሮ ማስረጀትን እኔ አልመክርም።

ቀጥሎ ግድግዳውን ኖራ ይቀቡ። ኖራ እርጥበት ስለማያፍን ለድንጋይና ለጡብ ግድግዳ ይስማማል፤ በፕላስቲክ ቀለም ላይ ግን በደንብ ስለማይዝ አሮጌውን ቀለም አስቀድሞ መፋቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ወጥ ቤቶች ሰማያዊ ይቀቡ የነበረው ዝንብ ይሸሸዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው፤ እምነቱ ቢቀርም ቀለሙ ከእንጨትና ከመዳብ ጋር ያምራል።

በክፍት መደርደሪያ ላይ በየቀኑ የሚያነሱትን ዕቃ ብቻ ያስቀምጡ፤ ሌላው አቧራ ይሰበስባል። በሰሴክስ የሚገኘው ፔትዎርዝ የተባለው የባላባት ቤት ከ1,000 በላይ የመዳብ ዕቃዎች አሉት፤ እነሱን የሚወለውሉ ግን አገልጋዮች ነበሩ። ለእርስዎ ሁለት ሦስት ድስት ይበቃል። ሲገዙ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ልባጡ ተልጦ መዳቡ ከታየ ቲማቲምም ሆነ ሌላ ጎምዛዛ ነገር አያብስሉበት፣ እንደገና ያስለብጡት። የአገልጋይ መጥሪያ ደወሎችን በግድግዳ ላይ መደርደር ለጌጥ ቢፈለግም የሚሰጠው ጥቅም የለም።

በመጨረሻ ለጓዳው የቤቱን ቀዝቃዛ ጎን ይምረጡ፤ በእንግሊዝ ይህ ፀሐይ የማይመታው ሰሜናዊው ግድግዳ ነው። በወገብ ቁመት ላይ ወፍራም የድንጋይ ወይም የእብነ በረድ መደርደሪያ ያሳርፉ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግንብ ቢሆን ይመረጣል። ለአየር መግቢያ የሚተዉትን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት፤ ቅቤና አይብ የሚቀመጡት በዚህ ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ሥጋና ወተት ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆዩ።